ፖም ሲጠፋ ሙዝ

ፔሩ ልሄድ መሆኑን ለእድራችን ሰዎች የተናገርኩት ወርኃዊው ስብሰባ አልቆ ቡና ሲጠጣ ነው። ሊቀመንበራችን ስኒያቸውን አስቀምጠው «ማቹ ፒቹ ላይ የተነሣኸውን ፎቶ እንግዲህ እናያለን» አሉኝ። «እንዴታ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ይህችን «እንዴታ» ወር ሙሉ እንደ ዕዳ ተሸክሜያት ዞርኩ።

ጉዞውን ያሰናዳችው ልጄ ናት። ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች፣ ደመወዟ የእኔን እጥፍ የሆነ፣ አማርኛ የሚገባት ግን የማትመልስበት ልጅ። የዘንድሮ ልጆች አንድ አመል አላቸው፤ ሰው የሚሄድበት ቦታ አይሄዱም። እኛ አንድ ቦታ ጥሩ መሆኑን የምናውቀው ሰው ሲበዛበት ነው። ሥጋ ቤት እንኳ የምንመርጠው በር ላይ የቆመውን መኪና ቆጥረን ነው። እሷ ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ማንም ያልደረሰበት ቦታ ካልሆነ ገንዘቧ የባከነ ይመስላታል።

«አባዬ፣ ማቹ ፒቹ እኮ ሁሉም ሰው ይሄዳል።»

«ሁሉም ሰው የሚሄደው ሞኝ ሆኖ ነው?»

«እኛ የምንሄደው ፖሱሶ ነው። ተራራ የከበበው ጫካ ውስጥ ያለ ትንሽ ከተማ ነው። ነዋሪዎቹ ከኦስትሪያና ከጀርመን የመጡ ሰዎች ዘሮች ናቸው።»

«ጀርመን ለማየት ከሆነ ፍራንክፈርት አይቀርብም?»

እሷ ይህን ሁሉ ያለችው በእንግሊዝኛ ነው። ወደ አማርኛ የመለስኩላችሁ እኔ ነኝ። ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ መንገር አያሻም፤ ቲኬቱን የቆረጠችው እሷ ናት።

ሊማ ባሕር ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሐምሌ ሰማይዋ እንደ አዲስ አበባ ክረምት ይደፈናል፤ ይዘንባል ብላችሁ ብትጠብቁ ግን አንጀታችሁን አታርስም። ከዚያ ማታ አውቶቡስ ተሳፈርን። ወደ ጫካው ለመድረስ መጀመሪያ የአንዲስን ተራሮች መሻገር ግድ ነው፤ ወጥቶ ነው የሚወረደው። ልጄ ለከፍታ የሚዋጥ ኪኒን ይዛ ነበር። አሻፈረኝ አልኩ። «እኔ 2,400 ሜትር ላይ ተወልጄ ያደግኩ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ጋሞ ደጋ ላይ፣ ጨንቻ፣ ደግሞ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። የከፍታ በሽታ የፈረንጅ በሽታ ነው» አልኳት።

ቲክሊዮ የሚሉት የተራራ በር 4,818 ሜትር ነው። ከራስ ደጀን ጫፍ ከ250 ሜትር በላይ ይበልጣል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። በጊዜው የማውቀው አንድ ሰው ጭንቅላቴን በጠፍር አስሮ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ እያጠበቀ መሆኑን ብቻ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነፍሴ በአፍንጫዬ ልትወጣ ስትል፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት አንድም ቃል ሳይናገሩ ከመቀነታቸው ደረቅ ቅጠል አውጥተው ሰጡኝና ጉንጫቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። የኮካ ቅጠል ነው። እዚያ አገር እንደ ጤና አዳም ገበያ ላይ የሚሸጥ፣ ነውር የሌለው ቅጠል ነው፤ አሜሪካ ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው። ጉንጬ ውስጥ ወሸቅኩት። ሐረር ያደገ አንድ ጓደኛዬን በወጠረው ጉንጩ ስቄበት አውቃለሁ። ያን ሌሊት በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ኪኒኑን የዋጠችው ልጄ ሊማ ድረስ በሚሰማ ማንኮራፋት ተኝታለች።

ጎሕ ሲቀድ ኦክሳፓምፓ ገባን። 1,800 ሜትር ላይ ያለች ደልዳላ ከተማ ናት፤ ላሞች፣ የእንጨት ቤቶች፣ ጭጋግ። እ.ኤ.አ. በ1891 የቆረቆሯት ከፖሱሶ መሬት ፍለጋ የወጡ የሰፋሪዎቹ ልጆች ናቸው። ስለ እሷ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ቁርስ በልተን ከገበያው ጎን የሚቆም የጋራ ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ በመስተዋቱ ደጋግሞ አየኝና በስፓንኛ አንድ ነገር ጠየቀ። ካለው ሁሉ የሰማሁት አንድ ቃል ነው።

«... ቺንቻ?»

ክው አልኩ። ሰው በሰው አገር እንዲህ ዓይነት ነገር ይገጥመዋል? ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አሥር ኢትዮጵያዊ ብጠይቅ ሁለቱ እንኳ ጨንቻን አያውቋትም፤ ከአንዲስ ማዶ ያለ የታክሲ ሾፌር ያውቃታል! «አዎ! ጨንቻ! ጨንቻ!» አልኩና ሁለት ጣቴን ቀሰርኩ፤ ሁለት ዓመት ማለቴ ነው። ሰውየው ፊቱ በራ። መሪውን ለቆ ዞሮ ጨበጠኝ። የአጎቱ ልጅ እዚያ እንደሚኖር፣ ከበሮ እንደሚመታ ነገረኝ፤ በኋላ የተረጎመችልኝ ልጄ ናት። እኔም የዶርዜን ሽመናና ከቀርከሃ የሚሠራውን ቤት በእጄ እየሳልኩ አስረዳሁት። ግሩም ወግ ይዘን ሳለ ልጄ በሳቅ ፍርፍር ብላ ጣልቃ ገባች።

«አባዬ፣ ቺንቻ ከሊማ በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት። ጥቁር ፔሩዎች የሚበዙባት። አንተን ያገሬ ልጅ ነው ብሎ ነው።»

ቅድመ አያቶቻቸው በስፔኖች ዘመን በባርነት ተጭነው መጥተው በእርሻ ያለቁ ሕዝቦች ናቸው። ስለ ፔሩ ስደተኞች ሲወራ እነሱን የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው፤ ሐውልት የሚቆመው ወዶ ለመጣ ስደተኛ ነው መሰለኝ። ለሾፌሩ እውነቱን እንድትነግረው ልጄን ለመንኳት። እምቢ አለች። «ደስ ብሎታል፣ ተወው» አለች። ስለዚህ ፖሱሶ ድረስ የቺንቻ ሰው ሆኜ ሄድኩ።

መንገዱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው። ሰማንያ ሲሉት ቀላል ይመስላል። ያናቻጋ ቼሚሊዬን በሚባል ብሔራዊ ፓርክ ሥር፣ በወንዝ ገደል አፋፍ፣ አንዳንዴ ራሱ ወንዙ ውስጥ ይሄዳል። ከላይ የሚወርደው ፏፏቴ ጣራችን ላይ ይዘንባል። ናዳ የጨረፈውን ቦታ ሾፌሩ ካማተበ በኋላ ያልፋል፤ እኔም አማትባለሁ፤ እሱ በእነሱ ደንብ፣ እኔ በእኛው ደንብ፣ በአንዱ ካልሆነ በአንዱ ይሰማናል ብዬ። ከጨንቻ ብርድ ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት ስንወርድ እንዲሁ ነበር ጆሮዬ የሚደነቁረው። 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፤ ጋቢ ለብሰን ተነሥተን ሸሚዝ አውልቀን እንደርስ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እየረገምኩት የሄድኩት ይህ መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠበቀ መንገድ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1857፣ ከቤልጂየሙ የአንትወርፕ ወደብ «ኖርተን» የምትባል የጭነት መርከብ 300 ያህል ሰው አሳፍራ ተነሣች። አብዛኞቹ ከኦስትሪያ ተራሮች ከቲሮል፣ የቀሩት በፕሩሲያ ከምትገዛው ከራይን አገር የመጡ ድሆች ናቸው። የፔሩ መንግሥት ጫካውን የሚያቀናለት ታታሪ ገበሬ ይፈልጋል፤ መሬት እሰጣለሁ፣ መሳፈሪያ እከፍላለሁ፣ እስከ ቦታው የሚያደርስ መንገድ እሠራለሁ ብሎ ተዋውሏል። ከስደተኞቹ ጋር ዮሴፍ ኤግ የሚባሉ ወጣት ቄስ አሉ።

ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የነካው ግን የጋብቻው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ቲሮል ውስጥ ንብረት የሌለው ሰው ያለ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግባት አይችልም ነበር። ድሃ ቢጋባ ድሃ ይወልዳል የሚል ሕግ ነው፤ እስከ 1921 ድረስም ሠርቷል። ስለዚህ የሎሌና የገረድ ፍቅር እንደ ተዳፈነ እሳት ዕድሜ ልኩን ይጨሳል። መርከብ የመሳፈሩ ነገር ሲመጣ ብዙ ጥንዶች ተጣድፈው ተጋቡና ወጡ። እኛ ዘንድ አሜሪካ ለመሄድ ሲባል ይጋባሉ። እነዚያ ለመጋባት ሲባል አሜሪካ ሄዱ። የትኛው ትዳር እንደሚጸና የእኛን እድር የሽምግልና ኮሚቴ ጠይቁ።

ከአራት ወር በኋላ ፔሩ ደረሱ። መንገዱ የለም። መንገዱ ሊሠራ ነው፣ እየተሠራ ነው፣ ገንዘቡ ተበልቷል፤ ይህ ዓይነቱ ዜና አስተርጓሚ አይፈልግም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየተራራው እየሰፈሩ፣ እየታመሙ፣ እየሞቱ፣ ራሳቸው መንገድ እየጠረጉ ተጓዙ። ተስፋ የቆረጠው በየማዕድን ከተማው ቀረ። በሐምሌ 1859 አንዲስን በእግራቸው ተሻግረው ፖሱሶ የደረሱት ከተነሡት ግማሽ የሚያህሉት ናቸው። እኔ በአውቶቡስ ተሳፍሬ የሞትኩበትን የተራራ ሰንሰለት እነሱ ሕፃን አዝለው ወጡት። አባ ኤግም አብረው ገቡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1905 እዚያው ኖሩ። መኪና የሚያስኬደው መንገድ ፖሱሶ የደረሰው በ1970ዎቹ ነው። እስከዚያ ድረስ ጨውም፣ መርፌም፣ ሚስማርም በበቅሎ ጀርባ ነበር የሚመጣው። መንግሥት ቃሉን አላጠፈም፤ ዘገየ እንጂ።

ለነገሩ የሰፋሪዎቹ ታሪክ ጫካው ባዶ እንደነበረ አድርጎ ይናገራል። ጫካው ባዶ አልነበረም። ያኔሻ የሚባሉ ሕዝቦች የኖሩበት ነው፤ ከቲሮሎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎም የፍራንሲስካን መነኮሳት ሚሲዮን ሊተክሉ መጥተውበታል። ባዶ መሬት አለ ተብሎ ሲነገራችሁ መጀመሪያ ማን ባዶ እንዳደረገው ጠይቁ።

ፖሱሶ ገባን። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የአልፕስ ተራሮችን ፎቶ የያዙ የቸኮሌት ካርቶኖችን ታውቋቸዋላችሁ? ያንን ሥዕል ቆርጣችሁ አርባ ምንጭ የሙዝ እርሻ ላይ ለጥፉት። ጣራው የሾለ፣ ሰገነቱ በአበባ ያጌጠ የእንጨት ቤት፤ በበሩ ሙዝ፣ በጓሮው ፓፓያ። ጣራው እንዲያ የሾለው በረዶ እንዲያንሸራትት ነው። ከተማው 800 ሜትር ላይ ነው ያለው፤ በረዶ የሚያውቀው ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ነው። ግን የቲሮል ሰው ቤት ሥራ ሲባል የሚያውቀው ይህንን ነው፤ ሠራው። ዝናቡም በረዶ መስሎ ተንሸራተተለት፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚዘንብ አገር ከዚህ የተሻለ ጣራ አይገኝም።

የደረስነው ደግሞ በዓላቸው ካለፈ በሳምንቱ ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሐምሌ 25 የምሥረታቸውን ቀን ሲያከብሩ በአውሮፓ ልብስ ይጨፍራሉ፣ በፈረስ ይጋለባሉ። እኛን የተቀበለን የተረፈው ባንዲራና ራሱን የያዘው ሕዝብ ነው። ልጄ ደስ አላት። «ይሻላል፣ ቱሪስት የለም» አለች። እኛ ምን እንደሆንን አልጠየቅኳትም።

ከከተማው ራቅ ብሎ «ፕሩሲያ» የሚባል ሰፈር አለ። ቲሮሎቹ በአንድ ወገን፣ የራይን ሰዎች በሌላ ወገን ሰፈሩ። እስቲ አስቡት። ዓለም የረሳቸው፣ መንገድ የሌላቸው፣ መቶ ሃምሳ ያህል ሰዎች በማይታወቅ ጫካ መካከል ተገኝተው፣ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ለሁለት መከፈል ነው! በሳቅ ልፈርስ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ሳቄ ቀስ እያለ ቆመ። እኛ ሜሪላንድ ስንገባ አንድ እድር ነበረን፤ ዛሬ ሦስት ነው። የተጣላነው በምን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

በወንዙ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ድልድይ አለ። በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት በቀዳማዊ ዊልሄልም ስም ነው የሚጠራው። ንጉሡ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ዘውዱም ከተሻረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ በፔሩ ጫካ ድልድዩ አሁንም የእሱ ነው። «ቀዳማዊ» የሚል ስም የነበራቸው የእኛ ትምህርት ቤቶች በአንድ ሌሊት ምን እንደሆኑ የማስታውስ ሰው ነኝና እየተወዛወዝኩ ባርኔጣዬን አነሣሁለት።

አሁን ወደ ምሳው ልምጣ፤ የመጣሁትም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ ነበር። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ሰማንያ የተሻገሩ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ እጃቸው የእርፍ እጀታ የሚመስል አሮጊት ናቸው። ያቀረቡልን ምግብ ዝርዝር ላይ አንደኛው የአሳማ ጥብስ ነው። ሁለተኛው የአሳማ ቋሊማ። ሦስተኛው በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ። እጄን ሰብስቤ ብቀመጥ ሆዴን ያመመኝ መስሏቸው ሻይ ሊያፈሉ ተነሡ። ልጄ ጾሙን አስረዳቻቸው፤ አሳማውን ደግሞ ከጾሙም ውጭ እንደማልበላ ጨመረችላቸው። አሮጊቷ ጉልበታቸውን መቱ። ዓርብ! እሳቸውም በልጅነታቸው ዓርብ ሥጋ አይነኩም ነበር፤ የዛሬ ሰው ትቶት ነው እንጂ። የልጅ ልጃቸውን በነገር ወጋ አደረጉትና የተቀቀለ ዩካ አመጡልኝ። ዩካ የሚሉት ካሳቫን ነው፤ ጋሞና ወላይታ የሚበላውን። ጨንቻ እያለሁ ከቆላ ገበያ ሲመጣ አይቼዋለሁ፤ አገሩ እዚህ መሆኑን ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ቀጥሎ ስትሩዴል መጣ። ስትሩዴል የኦስትሪያ ጌጥ ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ሊጥ፣ ውስጡ ፖም፣ ቀረፋና ዘቢብ። ቅቤ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ዘይት ነው አሉኝ። ስለ እንቁላሉ አልጠየቅኩም፤ መንገደኛ ብዙ አይጠይቅም። ቆረስኩ፣ ጎረስኩ። ሙዝ ነው!

«እማማ፣ ፖሙ የት ሄደ?» አልኩ። ልጄ ተረጎመች።

ሳቁብኝ። እዚህ ፖም የት አባቱ ይበቅላል? ፖም ብርድ ይፈልጋል። የመጡት ሰዎች ፖሙን ሲያጡ ከበሩ ያለውን ሙዝ ቆረጡ። ይህን ለእኔ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ጨንቻ የፖም አገር ናት፤ ሚሲዮኖች ችግኙን አምጥተው ካስለመዷት ወዲህ የጨንቻ ፖም አዲስ አበባ ድረስ ስሟ የታወቀ ነው። ከሥሯ ያለችው አርባ ምንጭ ደግሞ የሙዝ አገር። እነዚህ ሰዎች በሌላ አነጋገር የጨንቻ ሰዎች ሆነው ሳሉ አርባ ምንጭ ላይ የቀሩ ናቸው። ሾፌሩ «ቺንቻ» ያለኝ ለካ ትንቢት ኖሯል!

አሮጊቷ ቀጠሉ። ሲልትስና ሃይሚንግ ከሚባሉ የቲሮል መንደሮች እንግዶች ይመጣሉ፤ ዘመድ ናቸው። እሳቸው እውነተኛውን የፖም ስትሩዴል ሊማ ቀምሰውታል። እንዴት ነበር ብለን ጠየቅናቸው።

«መጥፎ አይደለም» አሉ። «ይጎመዝዛል። ስትሩዴል ግን አይደለም።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ይህን ቃል እኔ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ።

እኔና ባለቤቴ አሜሪካ የገባን ጊዜ ጤፍ በሰማይ ቤት ካልሆነ የሚገኝ አይመስለንም ነበር። ባለቤቴ በራሱ የሚነፋውን የስንዴ ዱቄት ከሱቅ ገዝታ፣ በጋዝ ውሃ በጥብጣ፣ በማይጣበቅ መጥበሻ ላይ ታወጣዋለች። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ዓይናም ነው፤ ወጡን ሲያይ ግን ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይቦጫጨቃል። አንዳንዱ ገብስ ይቀላቅላል፣ አንዳንዱ ሩዝ፤ እያንዳንዷ ሴት የራሷ ቀመር አላት፤ ለጎረቤት አይነገርም። አይዳሆ ውስጥ ጤፍ የሚያመርት ፈረንጅ መኖሩን ስንሰማ ያመንነው ከረጢቱን በዓይናችን ካየን በኋላ ነው። እስከዚያ ግን ልጄ በስንዴው አድጋ ነበር። ስምንት ዓመት ሲሞላት አዲስ አበባ ወሰድናት። እናቴ ከማኛ ጤፍ ያወጡትን፣ ከምጣዱ ገና የወጣ እንጀራ አቀረቡላት። ቀመሰችና ወደ ጎን ገፋችው። «ጥሩ ነው አያቴ» አለች፣ በእንግሊዝኛ። «ግን ይኮመጥጣል። እውነተኛው እንጀራ የእማዬ ነው።»

ስንተረጉምላቸው እናቴ አማተቡ።

ያኔ ተናድጄ ነበር። ጥፋቱን በልጅቷ ላይ፣ በዱቄቱ ላይ፣ በአሜሪካ ላይ አሳበብኩ። ፖሱሶ ላይ ሙዝ እየላስኩ ግን፣ ባለቤቴ በዚያ ጠባብ ኩሽና ከሥራ መልስ ቆማ በመጥበሻ የምታወጣው ነገር ምን እንደነበር ገባኝ። ከዚያ በፊት ለስንዴው ይህን ያህል ክብር ሰጥቼው አላውቅም። ማታ ደወልኩላት። «ያ በጋዝ ውሃ የምትሠሪው እንጀራ ግሩም ነበር» አልኳት። «ምን ሆነሃል? ከፍታው ነው?» አለችኝ።

ከምሳ በኋላ ቡና መጣ። አሮጊቷ የቡናውን ዛፍ በመስኮት አሳዩኝ፤ ያገራችን ቡና ነው አሉ፣ በኩራት። ዝም ልል አሰብኩ። ኢትዮጵያዊ ሆኖ እዚህ ላይ ዝም ያለ ሰው ካለ አሳዩኝ። ቡና የተገኘው ከእኛ ከምዕራብ ጫካ መሆኑን፣ ከፋ የሚባል አገር እንዳለን፣ ስሙም ... ልጄ ግማሹን ብቻ ተረጎመች። አሮጊቷ በትሕትና ሰሙኝና «ታዲያ እሱም መጥቶ ቀረ» አሉ። ይኸው ነው መልሱ። ጠረጴዛውን ዞር ብዬ አየሁት። ሊጡ የኦስትሪያ፣ ሙዙ የእስያ፣ ቡናው የእኛ፤ ሁሉም መጤ ነው። የቤቱ ልጅ ዩካው ብቻ ነው፤ እሱም ወላይታ ገብቶ ዜግነት አግኝቷል።

ድንችም አለ ለካ። ድንች የእነዚህ ተራሮች ልጅ ነው፤ ወደ እኛ አገር ያመጣው ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ነው ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1858። ትግራይ ገብቶ ያገሩን ልጅ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ዓድዋ ላይ የሞተ ሰው ነው። አንዱ ጀርመን የፔሩን ድንች እኛ አገር ሲተክል፣ ሌሎቹ ጀርመኖች በዚያው ሰሞን ፔሩ ጫካ ውስጥ መንገድ እየጠረጉ ነበር። በሐበሻ ዳገት ድንች ወጥ የሚበላ ሁሉ ለሁለቱም ወገን አንድ ምርቃት ዕዳ አለበት።

ሁለተኛው ቀን ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ። አሮጊቷ ደጃፍ ተቀምጠው ዩካ ይልጣሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሆነው የልጅ ልጃቸው ደረጃው ላይ ስልኩን ይነካካል። አንድ ነገር አዘዙት። ያዘዙት በስፓንኛ አይደለም፤ ቲሮልኛ ነው፣ ከመርከቧ ጋር የመጣው፣ ከሽማግሌዎቹ በቀር እምብዛም የማይናገረው። ልጁ ገብቶታል። ቀና ሳይል በስፓንኛ መለሰላቸው። ደግመው ተናገሩት፣ ከፍ አድርገው፤ ያው ቲሮልኛ። ደግሞ በስፓንኛ መለሰ። ሦስተኛውን ጊዜ በእጃቸው የነበረውን ልጣጭ ወረወሩበት። ተነሥቶ ሄደ፣ ውሃውን አመጣ።

ቀስ ብዬ ወደ ልጄ ዞርኩ። እሷም እያየችኝ ነበር። አፌን ልከፍት ስል ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«አትጀምር!» አለችኝ፣ በአማርኛ።

በአሥር ቀን ጉዞ ከአፏ የወጣ ብቸኛው የአማርኛ ቃል ነው። ቃሉ የስንዴው እንጀራ ዓይነት ነበር፤ «ጀ»ው ሳስቷል፣ «ር»ው አሜሪካ ቀርቷል። እኔ ግን በላሁት።

ስንመለስ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ቡና ሲቀርብ ሊቀመንበራችን አልረሱም፤ እንዲያውም መነጽራቸውን ጠራርገው ጠበቁኝ። ስልኬን አወጣሁ። የእንጨቱን ቤት፣ ድልድዩን፣ ሙዙን አሳየሁ። «ይህ ስዊዘርላንድ አይደለም እንዴ?» አለ ገንዘብ ያዡ፤ የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ተጠራጣሪ ነው። ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ጭጋግ የሸፈነው አንድ ተራራ አገኘሁ፤ ከአሮጊቷ ጓሮ የተነሣ ነው፤ ጥጉ ላይ የዶሮ ቤት ይታያል። «ማቹ ፒቹ ከዚህ ጀርባ ነው፤ ጭጋጉ ነው የከለለው» አልኩ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ጀርባ ነው፤ ጀርባ ያው ጀርባ ነው። ሊቀመንበሩ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ በጣታቸው አስፍተው አዩና «ይታያል፣ ይታያል፣ ጫፉ ይታያል» አሉ።

እባካችሁ እንዳትነግሩብኝ። በሚቀጥለው ወር ምርጫ አለብን፤ ለጸሐፊነት ተጠቁሜአለሁ።